ወሰኑን በእግራችሁ ሂዱት

ሰሞኑን አንዲት የጂኦሎጂ ተማሪ «የግራናይት አካል ስም የሚወጣለት መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የግራናይት አካል የምንለው ቀልጦ ከመሬት ሥር ወደ ሌላ ድንጋይ ገብቶ የቀዘቀዘ ግዙፍ ድንጋይ ነው። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ትግራይ ውስጥ ከእንትጮ ከተማ ወጣ ብለን የድንጋይ ካርታ ስንሠራ፣ «ስሌት» በሚባለው ጥቁር ድንጋይ መካከል ሮዝማ ግራናይት አገኘን። መንገድ የሚያሳዩን፣ አቦይ የምንላቸው አዛውንት ነበሩ፤ ቀዩ ቋጥኝ የት አልቆ ጥቁሩ እንደሚጀምር ከእኛ በፊት ያውቁታል። ወሰኑን ተከትለን ዞርነው። ዳር ዳሩ ላይ የግራናይቱ ቅንጣት እየደቀቀ ይሄዳል፤ ጥቁሩ ድንጋይ በሙቀት ተጠብሶ ጠጥሯል፤ ስባሪዎቹም ግራናይቱ ውስጥ ተውጠው ቀርተዋል። ስለዚህ ግራናይቱ በዕድሜ ያንሳል። ከላዩ የተነጠፈውን የእንትጮ አሸዋ ድንጋይ ግን ሙቀቱ አልነካውም፤ እንዲያውም ከሥሩ የግራናይት ጠጠር ይዟል። አሸዋው ሲነጠፍ ግራናይቱ ከቀዘቀዘና መሸርሸር ከጀመረ ቆይቷል ማለት ነው። አቦይ ያመጡልንን ስዋ እዚያው ወሰኑ ላይ ተቀምጠን ጠጣን። ያን ደስታ ዛሬም አልረሳውም።

ስም ግን አልወጣለትም። የቡድናችን ኃላፊ «ዕድሜው በዚርኮን (የድንጋይ ዕድሜ በሚለካበት ደቃቅ ማዕድን) ሳይለካ አይሆንም» አሉ፤ ናሙናውን ውጭ አገር ለማስለካት በጀት አልተገኘም። ሪፖርቱ ላይ «ግራናይት» ተብሎ ቀረ። ስም የሌለውን ማን ይጠቅሰዋል? ከውቅሮ በስተሰሜን ያለው የነጋሽ ፕሉቶን (እንደኛው ከመሬት ሥር የቀዘቀዘ የድንጋይ አካል) በቦታው ስም በመጠራቱ፣ ወደ 600 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜውን የለካውም፣ የማግማዎቹን (የቀለጡት ድንጋዮች) መቀላቀል ያጠናውም አንዱ የሌላውን ሥራ በቀላሉ ያገኛል።

እናንተ የዛሬ ተማሪዎች ደግሞ ሳተላይት ምስል ላይ ክብ ነገር ስታዩ ስም ለመለጠፍ ትጣደፋላችሁ። አትቸኩሉ እላለሁ፤ አታዘግዩትም እላለሁ። ሁለቱም ከልቤ ነው። ወሰኑ ከተሄደና ዓይነቱ ከታወቀ የዕድሜው ልኬት በኋላ ሊደርስ ይችላል። ዓይነቱን ግን በዓይን ግምት አትዝጉት፤ ስስ ቁራጩን በማይክሮስኮፕ እያያችሁ ማዕድኑን ቁጠሩ። ግራናይት ከሚመስለው፣ ኳርትዝ ከበዛበት ድንጋይ ፌልድስፓር ከሚባሉት ማዕድናት ውስጥ ፕላጂዮክሌዝ የተባለው ዓይነት ከ65 እስከ 90 በመቶ ከሆነ ድንጋዩ ግራናይት ሳይሆን ግራኖዳዮራይት ነው።

ስሙን ካርታ ላይ ከሰፈረ የቅርብ ቦታ ውሰዱ። የኛን «እንትጮ» ልንለው አንችልም ነበር፤ አሸዋ ድንጋዩ ቀድሞ ወስዶታል። ወሰኑ ጥርት ብሎ የሚታይበትን አንድ ቦታም መዝግቡ፣ የሚቀጥለው ሰው መዶሻውን ይዞ ሄዶ እንዲያመሳክር።