ከክፍሌ ቀድሜአለሁ፤ ወዴት ልሂድ?

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወሎ ውስጥ፣ ወገል ጤና በመንግሥት ትምህርት ቤት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነሽ። የአሥራ አንደኛን የሒሳብ መጽሐፍ ተውሰሽ ግማሹን ሠርተሻል፤ መምህሩ ሲያስረዱ አስቀድመሽ ስለምታውቂው ዓይንሽ ወደ መስኮቱ ይሄዳል። አባትሽ በሬ ሸጠው ደሴ የግል ትምህርት ቤት ሊያስገቡሽ ያስባሉ። አንቺ ደግሞ አንድ ክፍል መዝለል ይቻል እንደሆነ፣ የልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት ዕድልም አልፎሽ እንደሆነ ትጠይቂያለሽ።

መራራውን ላስቀድም። ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው ተማሪ የሚቀበሉት ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ውጤትና የራሳቸው የመግቢያ ፈተና ይታያል። አንቺን አልፎሻል። በጊዜው የነገረሽ ሰው አለመኖሩ ያንገበግበኛል። ሰባተኛ ክፍል ያለችውን ታናሽ እኅትሽን ግን አላለፋትም። ምዝገባው መቼ እንደሚወጣና ስንት ውጤት እንደሚጠየቅ ከአሁኑ ከርእሰ መምህሩና ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጠይቂላት።

ክፍል መዝለሉን አልመክርሽም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከዘጠነኛ ጀምሮ የተማርሽውን ይጠይቃል፤ የዘለልሽው ምዕራፍ እዚያ ይጠብቅሻል። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በክፍላቸው አንደኛ ሲወጡ የኖሩ ልጆች ያን ዓመት አንገታቸውን ደፍተው ወደ ቢሮዬ ሲገቡ አይቻለሁ። የክፍል ደረጃ ከጎንሽ ከተቀመጡት ጋር ብቻ ያወዳድርሻል።

አባትሽም በሬውን ባይሸጡ ደስ ይለኛል። የግሉም ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ያንኑ ሥርዓተ ትምህርት ነው። በዚያ ላይ የቤት ኪራዩ፣ ቀለቡ፣ በአሥራ ስድስት ዓመትሽ በከተማ ብቻሽን መኖሩ አለ።

ታዲያ ምን ይደረግ? በቅኔ ትምህርቱ የታወቀውን ጎረቤታችሁን የዋድላን አገር አስቢ። በቅኔ ቤት ተማሪ በዕድሜው አይመደብም፤ አጭሩ የቅኔ ዓይነት ጉባኤ ቃና ሲሞላለት ወደሚቀጥለው ወደ ዘአምላኪየ ይሻገራል፣ እንዲህ እያለ ረጅሙ መወድስ ይደርሳል። የበሰለው ለጀማሪው ያስረዳል። በወሎ የሚዞረው ደረሳም (የእስልምና ትምህርት ተማሪ) አንዱን ኪታብ ሲጨርስ ለሚቀጥለው የታወቀውን ሼህ ፍለጋ አገር ያቋርጥ ነበር። የላቀ ተማሪ የሚያድግበትን መንገድ አገራችን ስታውቀው ኖራለች፦ የሚያዳምጠው መምህር፣ በአቅሙ ልክ የሆነ ሥራ፣ ከኋላው ያለውን የማስተማር ኃላፊነት። አንቺም የጎደለሽ ይኸው ነው፤ ወገል ጤና ሆነሽ ልታገኚው ትችያለሽ።

ስለዚህ ወደ ሒሳብ መምህርሽ ሂጂ። «ትምህርቱ ቀለለኝ» አትበዪ፤ ሰውን ያስቀይማል። የሠራሽበትን ደብተር ይዘሽ «መምህር፣ እስከዚህ ደርሻለሁ፤ እነዚህ ሦስቱ ግን አልወጡልኝም። በሳምንት ግማሽ ሰዓት ቢያዩልኝ እኔ ደግሞ የደከሙትን ተማሪዎች አስጠናለሁ» በያቸው። ደብተር ይዞ የመጣን ልጅ የሚመልስ መምህር እምብዛም አላጋጠመኝም።

ወንድምሽ ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ ቁፋሮ ላይ እንደሆነ በአንድ መስመር ጠቅሰሽ አልፈሻል። እኔ ግን እዚያ መስመር ላይ ቆምኩ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የተገኘው የወገል ጤና ኦፓል የዓለምን የከበሩ ድንጋዮች አጥኚዎች ያስገረመው በቀለሙ ብቻ አይደለም። አብዛኛው ውኃ ይጠጣል። ውኃ ውስጥ ሲቆይ ቀለሙ ይጠፋና እንደ መስተዋት ይጠራል፣ ክብደቱም ይጨምራል፤ ሲደርቅ ወደነበረበት ይመለሳል። የኦፓል ቀለም የሚፈጠረው በውስጡ በሥርዓት የተደረደሩ ጥቃቅን የሲሊካ (በአሸዋ ውስጥ የሚገኘው ውሁድ) እንክብሎች ብርሃንን ሲበትኑት ነው።

ከወንድምሽ ዋጋ የማያወጡ አሥር ስብርባሪዎች ለምኚ። የደላሎቹን ሚዛን ተውሰሽ ደረቁን መዝኚ፤ ከዚያ ውኃ ውስጥ ነክረሽ በየአሥር ደቂቃው እያወጣሽ፣ በጨርቅ አድርቀሽ መዝኚ፤ ክብደቱ መጨመር ሲያቆም ግራፉን ሥሪ። ትልቁና ትንሹ እኩል ይጠጣሉ? ለመድረቅስ ስንት ቀን ይፈጅባቸዋል? ቤተ ሙከራ አያስፈልገውም። ሥነ ምድርን ወይም ኬሚስትሪን ሙያሽ ማድረግ ትፈልጊ እንደሆነም ከማንኛውም የዝንባሌ መጠይቅ በተሻለ ይነግርሻል።

ያ ሥራ በእጅሽ ሲኖር የምታንኳኪው በር ይበዛል። ዩኒቨርሲቲዎች ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚያገለግሉ የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምሕንድስናና የሒሳብ) ማዕከላት ከፍተዋል። ወሎና ወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች ቅርብሽ ናቸው፤ የክረምት ሥልጠና ካለ እንዲቀበሉሽ ትምህርት ቤትሽ በማኅተም ደብዳቤ ይጻፍልሽ፣ ግራፍሽም አባሪ ይሁን። ለሒሳቡ ደግሞ ከ1959 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ የወጡት የዓለም አቀፍ የሒሳብ ኦሊምፒያድ (የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ውድድር) ጥያቄዎች በኢንተርኔት በነጻ ይገኛሉ። በውድድሩ በአንድ ቀን የሚሰጠው ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው፣ ለመሥሪያ የሚፈቀደው ጊዜም አራት ሰዓት ተኩል። አንዱ ጥያቄ ሳምንት ቢፈጅብሽ አትደንግጪ፤ ከአሥራ አንደኛ ክፍል መጽሐፍ ላይ ሃምሳ መልመጃ ከመሮጥ ይልቅ አእምሮሽን የሚያሠራው እርሱ ነው። በጆሃንስበርግ ያለው የአፍሪካ ሊደርሺፕ አካዳሚም ከመላው አህጉር በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ተማሪዎችን ለሁለት ዓመት ይቀበላል። ማመልከቻውን ራስሽ ሙዪው፤ «ስኮላርሺፕ አስጨርሳለሁ» ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው አምስት ሳንቲም እንዳትሰጪ።

እንግሊዝኛሽ እንደሚያስፈራሽ ጽፈሻል። የኦፓሉን ሙከራ ሪፖርት በእንግሊዝኛ ሁለት ገጽ ጻፊውና የእንግሊዝኛ መምህርሽ ያርሙልሽ፤ ከዚያ ከነሠንጠረዡ ላኪልኝ። የእያንዳንዱን ድንጋይ ደረቅ ክብደት መጀመሪያ መጻፍሽን አትርሺ፤ አንዴ ከተነከረ በኋላ ያን ቁጥር ለማግኘት ቀናት መጠበቅ ይኖርብሻል።