የልጆች መጫወቻ ስትገዙ ምኑን ትፈትሹ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ወንዱ ልጄ 14 ወሩ፣ ታላቅ እህቱ ደግሞ 6 ዓመቷ ነው። ሰኞ ገበያ የማገኛቸው መጫወቻዎች ብዙዎቹ ካርቶን የላቸውም፤ ያላቸውም ቢሆኑ ጽሑፉን ማንበብ አልችልም። ምኑን አይቼ ልምረጥ? (እናት፣ ከደሴ)

መልስ፦ ጽሑፉ ባይነበብም ምልክቱ ይነበባል። በቀይ ክብ ውስጥ የሕፃን ፊትና «0-3» ኖሮ በላዩ መስመር ከተሰመረበት፣ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም ማለት ነው። ምልክቱ ስለሌለ ብቻ ግን ለሕፃን ይሆናል ብለው አይመኑ፤ በእጅዎ ይፈትሹት።

መጀመሪያ መጠኑን ይዩ። ለሕፃናት የሚሠሩ መጫወቻዎች የሚለኩበት ቱቦ ውስጡ 31.7 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ በትንሽ ልጅ ጉሮሮ ልክ የተሠራ ነው። እርስዎ የሶፍት ጥቅል ሲያልቅ የሚቀረውን ካርቶን ይዘው ገበያ ይውጡ። ከቱቦው ትንሽ ስለሚሰፋ ፍተሻውን ያጠብቅልዎታል። በካርቶኑ ውስጥ የሚያልፍ ነገር ለ14 ወሩ ልጅ አይገዛም። ኳስ ከሆነ ስፋቱ ከ4.5 ሳንቲ ሜትር አይነስ፤ ድቡልቡል ነገር ጉሮሮ ላይ ልክ ገጥሞ ስለሚቀመጥ ለአየር ማለፊያ አይተውም። ብይ ጨርሶ አይታሰብ።

ከዚያ ይጎትቱ። የመኪናውን ጎማ፣ የአሻንጉሊቱን ዓይንና አፍንጫ በሁለት ጣት ይዘው እያጠማዘዙ በደንብ ይሳቡ። ቶሎ የሚወልቀው ብዙ ጊዜ ጎማው ነው፤ ቀጭን ሽቦ ላይ ተሰክቶ ብቻ ይቀመጣልና። ሻጩ ቅር ቢለው አይፈሩ፣ ልጁ በጥርሱ ከዚህ የባሰ ያደርገዋል። ሲጫኑት የሚንቋቋ ስስ ፕላስቲክ ሲወድቅ ስለታም ስብርባሪ ይሆናል። ገመዱ ከ22 ሳንቲ ሜትር ከበለጠ አንገት ላይ ሊጠመጠም ስለሚችል ይቁረጡት። ቀለም የተቀባውን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ያሹት፤ ቀለሙ ከለቀቀ ይተዉት። አልለቀቀም ማለት ግን እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት የለበትም ማለት አይደለም፣ እርሱ በዓይን አይታይም። ሁሉን ወደ አፉ ለሚያስገባ ልጅ ቀለም ያልነካው፣ በደንብ የተላገ እንጨት እንመርጣለን።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ግን ቤት ውስጥ ያለው የእህትየው ዕቃ ነው። ዶቃዋ፣ ማግኔቷ፣ ያልተነፋ ወይም የፈነዳ ፊኛዋ ክዳን ባለው ሣጥን ከፍ ብሎ ይቀመጥ። የፊኛ ቁራጭ ጉሮሮ ላይ ተለጥፎ ትንፋሽ ይዘጋል። ሁለት ማግኔት ከተዋጠ ደግሞ በአንጀት ግድግዳ በኩል ተሳስቦ አንጀት ይበሳል።

ጥያቄ፦ ለልጅ ልጄ የገዛሁላት የምትዘፍን አሻንጉሊት የሰዓት ድንጋይ የመሰለ ክብ ባትሪ አላት። ክዳኑ በጥፍር ይከፈታል። ልጅቷ 2 ዓመቷ ነው፤ ብትውጠውስ? (አያት፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አባታችን፣ ዛሬውኑ ባትሪውን ያውጡት። ክዳኑ በብሎን የታሰረና ያለ ካቻቢቴ የማይከፈት ካልሆነ ለቤትዎ አይሆንም። በላዩ ሲአር 2032 የተጻፈበት ባትሪ ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር ነው፤ የምግብ ቧንቧ ላይ ተሰንቅሮ ይቀራል። እዚያ በእርጥበቱ ኤሌክትሪክ ስለሚያልፍ ሥጋውን የሚያቃጥል ኬሚካል ይፈጠራል፣ በ2 ሰዓት ውስጥም ከባድ ቁስል ያደርሳል። አልቋል ተብሎ የወጣውም ያቃጥላል፤ ሜዳ ላይ አይጣል።

ዋጠች ብለው ከጠረጠሩ ምልክት አይጠብቁ፤ ለሃጭ ማዝረብረብ፣ ምግብ እንቢ ማለትና ሳል ብቻ ሊታይ ይችላል፣ ምንም ላይታይም ይችላል። አያስታውኳት። መዋጥ ከቻለችና ባትሪውን ከዋጠች 12 ሰዓት ያልሞላ ከሆነ፣ በየ10 ደቂቃው 2 የሻይ ማንኪያ ማር እስከ 6 ጊዜ እየሰጡ ይሂዱ፤ ማሩ ቃጠሎውን ያዘገያል እንጂ ሕክምናውን አይተካም። ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይሰጥም። መድረሻዎ ራጅ ያለበት ሆስፒታል ነው። የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ከመጀመርዎ በፊት በቅርብዎ ራጅ እየሠራ መሆኑን በስልክ ያጣሩ። የባትሪውን ጓደኛ ወይም ማሸጊያውን ይዘው ይሂዱ፣ ሐኪሙ ዓይነቱን ያውቅበታል።

ጥያቄ፦ ከልባሽ ጨርቅ ጋር የሚሸጡ የጨርቅ አሻንጉሊቶች ለሕፃን ይሆናሉ?

መልስ፦ ይሆናሉ፣ ስፌታቸው ካልተተረተረ። የፕላስቲክ ዓይንና ቁልፉን ቆርጠው ያውጡና በክር ይጥለፉት። በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥበው፣ ውስጡ ያለው ጥጥ ሻጋታ እንዳያወጣ ፀሐይ ላይ እስከ ውስጡ ያድርቁት። በደሴ ክረምት ጥጡ ቶሎ ስለማይደርቅ፣ አንድ ስፌት ፈትተው ጥጡን ለብቻ ቢያደርቁትና መልሰው አጥብቀው ቢሰፉት ይሻላል።