ሰደፍ ሞርሳ ላይ ለምን ይጎዳል? ማስያዣውን ከቁርጥራጭ ለመሥራት ለጠየቅከው

ጥያቄህ በአጭሩ ይሄ ነው፦ «የአባቴ ምንሽር ጠመንጃ ሕጋዊ ፈቃድ አለው። የሰደፉ እንጨት ቀለሙ ተላልጧል፤ ላድሰው ፈልጌ ነበር። ሞርሳ ላይ ሳጠብቀው ይደፈጠጣል፣ ሳላላው ይሾልካል። የተዘጋጀ ማስያዣ መግዣ ገንዘብ የለኝም። ቤት ካለው ነገር ምን ልሥራ?»

ወንድሜ፣ እኔ ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የእንጨት ሥራ ነው የምሠራው። እንጀራዬ በርጩማና ወንበር ነው። አልፎ አልፎ ግን ፈቃድ ያለው የጠመንጃ ጠጋኝ ሰደፍ ይልክልኛል፤ እንጨቱን ብቻ። ብረቱ እኔ ጋ አይደርስም። በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 1177፣ ጥገናንም ያለ ፈቃድ አይፈቅድም። ስለዚህ እጅህን ከማስገባትህ በፊት ፖሊስ ጣቢያ ጎራ ብለህ ጠይቅ። ከመፈታቱ በፊትም ጥይት አለመኖሩን አባትህ ራሳቸው ይፈትሹ፣ ብረቱንም ራሳቸው ያስቀምጡት። ከዚህ በታች የምጽፈው ለባዶ እንጨት ነው።

ወደ ሞርሳው ልምጣ። የሞርሳ ሁለቱ መንጋጋዎች ትይዩ ናቸው። ሰደፍ ደግሞ ጫፉ ወፍራም፣ አንገቱ ቀጭን ነው። ስታጠብቀው የሚያዘው ወፍራሙ ጫፍ ብቻ ነው። ጉልበቱ ሁሉ አንዲት ጠባብ መስመር ላይ ያርፋል፤ እንጨቱ እዚያው ይደፈጠጣል። ሌላው ጎን አየር ላይ ስለሆነ ይሾልካል። አንተ ደግሞ ሲሾልክ ጊዜ ይበልጥ ታጠብቃለህ። ጨርቅ መጠቅለል ብቻውን አይረዳም። ጨርቅ ጭረት ይከላከል ይሆናል እንጂ ጉልበቱን አያከፋፍልም።

መፍትሔው አንዱ መንጋጋ እንዲወዛወዝ ማድረግ ነው። ሁለት የዋንዛ ቁራጭ ፈልግ፤ ስፋታቸው እንደ ሞርሳህ አፍ፣ ውፍረታቸው 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ። አሮጌ የመጥረጊያ እጀታ ለሁለት ሰንጥቅና ግማሹን ከአንደኛው ቁራጭ ጀርባ፣ መሃል ላይ፣ ቀጥ አድርገህ አቁመህ በኮላ ለጥፈው። ክቡ ጎን ወደ ሞርሳው ብረት ይዙር። አሁን ስታጠብቅ ቁራጩ በዚያ ክብ ላይ ዞር ይልና የሰደፉን ዝንባሌ ይከተላል። ከጫፍ እስከ አንገት እኩል ይይዛል። ሞርሳው ሲከፈት እንዳይወድቅብህ ደግሞ ከላይ ቀጭን ጣውላ ምታበት፤ ሞርሳው ላይ ይንጠለጠላል።

የሁለቱንም ቁራጮች ፊት ቆዳ አልብስ። ጫማ ሰፊዎች የሚጥሉት ቁርጥራጭ ይበቃል። ሻካራው ጎን ወደ ውጭ ይሁን። ካላማዳሪ የሚመርጡ አሉ፤ መያዙንስ ይይዛል። ግን ነጣ ያለ እንጨት ላይ ጥቁር ምልክት ይተዋል፣ ዘይት ሲነካውም ይልፈሰፈሳል። እኔ ቆዳ ነው የምለው።

ከዚህ የተሻለው ግን የሰደፉን ፊት ጭራሽ አለመንካት ነው። የኛን የጅማ በርጩማ ተመልከት። መቀመጫውም ሦስት እግሩም ከአንድ ግንድ ነው የሚፈለፈሉት። ጠራቢው እግሩ መሃል አስደግፎ ነው የሚሠራው፤ ማንም አያስረውም። ምቱ ከወዴት እንደሚመጣ ስለሚያውቅ በዚያ በኩል ብቻ ይደግፈዋል። ሰደፍንም እንደዚያ አስበው። የራሱ ቀዳዳ አለው አይደል? ብረቱ የሚተኛበት ቦይ አለ፤ በብዙዎቹ የድሮ ጠመንጃዎች ላይ ከምላጩ ፊትና ኋላ ሁለት የብሎን ቀዳዳ አለ። ቦዩ ውስጥ በእጅ ግፊት ብቻ የሚገባ የእንጨት ዘንግ አዘጋጅ። በመዶሻ እየመታህ የምታስገባው ከሆነ ወፍሯል፤ ሰደፉን ይሰነጥቀዋል፣ ላገው። ከዚያ በሁለቱ ቀዳዳዎች ብሎን አሳልፈህ በሮንዴላና በዳዶ እሰረው። ከሮንዴላው ሥር ቆዳ አስገባ። የዘንጉ ከፍታ ከቦዩ ውጭ አራት አምስት ሳንቲ ሜትር ይውጣ። ሞርሳው የሚጨብጠው ያንን ትርፍ ነው። ሰደፉ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ነጻ ይቆማል፣ በፈለግከው አቅጣጫ ብርጭቆ ወረቀት ታስኬዳለህ።

ጫፉ ላይ፣ ትከሻ የሚነካው ሳህንም ሲወልቅ ሁለት የብሎን ቀዳዳ ይተዋል። እዚያም ላይ ቁራጭ እንጨት ማሰር ትችላለህ። ብሎኑ ከዋናው እንዳይወፍር ብቻ፤ ቀዳዳው ከሰፋ ሳህኑ ሲመለስ ይላላል።

ጠማማ ለሆነው አንገት ደግሞ አልጋ አውጣለት። ላሜራ ቤቶች መኪና ላይ የሚለቀልቁት ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ስቱኮ አለ። አንገቱን በቀጭን ፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን ሰም ቀባው። ትንሽ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ስቱኮውን ሙላና አንገቱን ተጭነህ አስቀምጠው። ስቱኮው ቶሎ ስለሚጠነክር ሁሉን ነገር አስቀድመህ አዘጋጅ። ዋናው ጥንቃቄ ይሄ ነው፦ ስቱኮው ከእንጨቱ ወገብ በላይ አይውጣ። ወፍራሙን ቦታ አልፎ ከዘጋው ሰደፉ ተቆልፎ ይቀራል፤ ለማውጣት ወይ አልጋው ይሰበራል ወይ እንጨቱ። ከግማሽ በታች ላይ አቁም። ሲደርቅ ጠርዙን ሞርደህ ቀጭን ቆዳ አልብሰው።

ለቀላል ማለስለስ ይሄ ሁሉ አያስፈልግም። የአሮጌ ጂንስ እግር ቁረጥ፣ ደረቅ አሸዋ ሙላበት፣ ሁለት ጊዜ ስፋው። ሰደፉን ላዩ ላይ ጫን ስታደርገው ይቀመጣል። እዚህ የቡና ገለፈት በየቦታው ተቆልሎ ስለሚገኝ እሱን የሚሞሉ አሉ። አትሞክረው፤ ይቀልና ከሥርህ ይንሸራተታል፣ የጅማን እርጥበትም ይጠጣል።

ጠረጴዛ ላይ በሽብልቅ ለማሰር ካሰብክ ሽብልቁን ከወይራ ሥራው። በ10 ሳንቲ ሜትር ርዝመት 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይቅጠን። ቁልቁለቱ ከበዛ እየሠራህ ተስፈንጥሮ ይወጣል።

የእንጨት ማስያዣ ክረምት ላይ ያብጣል። እኛ ጋ ዝናቡ ረጅም ስለሆነ ሠርተህ እንደጨረስክ የተልባ ዘይት አጠጣው። ዘይት የነካውን ጨርቅ ግን ጨብጠህ ጥግ እንዳትወረውረው! የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፤ የተጠቀለለ ጨርቅ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ሊነድ ይችላል። ውጭ ዘርግተህ አድርቀው።

እስካሁን የተደፈጠጠውን ቦታ በተመለከተ፣ እንጨቱ ካልተቆረጠ ይመለሳል። ቫርኒሹን መጀመሪያ አንሳ፤ ካልተነሳ እንፋሎቱ አይገባም። እርጥብ ጨርቅ አድርግበትና በጋለ ካውያ ተኩሰው። ጨርቁ ሳይደርቅ ካውያውን አንሳ። ትንሽ ትንሽ እያበጠ ይመጣል። የተቀደደ ከሆነ ግን ካውያ አያድነውም፤ ያኔ መሙላት ነው።

ከጠመንጃው ውጭ ላሉ የብረት ነገሮችህ፣ ለቱቦም ለዘንግም፣ አሉሚኒየም መስኮት የሚሠሩ ልጆች የሚጥሉትን አንግል ጠይቀህ ውሰድ። የሞርሳው አፍ ላይ አልብሰው፣ አለቀ።

የሰደፉን ፎቶ አንዱን ከላይ አንዱን ከጎን አድርገህ፣ የሞርሳህን አፍ ስፋት ጨምረህ ላክልኝ። ዘንጉ ምን ያህል መሆን እንዳለበት ልነግርህ እችላለሁ።