ከታች ያለው ካርቶን ለምን ተጨፈለቀ?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ ካርቶን ናቸው። ሦስቱንም ዛሬ እመልሳለሁ። የመጀመሪያው ረዘም ይላል፤ ምክንያቱም ነገሩ እኔንም አንድ ጊዜ አቃጥሎኛል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቃሊቲ አካባቢ ብሎን፣ ዳዶና ኩሽኔታ በጅምላ አከፋፍላለሁ። እቃውን በካርቶን 25 ኪሎ 25 ኪሎ አሽገን 6 ደርበን እናስቀምጣለን። በጋ ላይ ችግር የለም። ክረምት ሲገባ ግን የታችኞቹ ሆዳቸው ይነፋል፣ መደዳው ያዘነብላል። ባለፈው ነሐሴ አንዱ መደዳ ሌሊት ወድቆ ጠዋት ስንከፍት ብሎኑ ወለሉን ሞልቶት አገኘነው። ካርቶን የሚሠራልኝ ሰው “ባለ 3 ፕላይ ስለሆነ ነው፣ ወደ ባለ 5 ቀይር” ይለኛል። ዋጋው ግን በጣም ይጨምራል። የምር ያስፈልገኛል ወይስ ሊሸጥልኝ ፈልጎ ነው? (አንባቢ፣ ከቃሊቲ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰውየው እውነቱን ነው። ግን ምክንያቱን ካላወቅክ ባለ 5ቱንም ገዝተህ ታስጨፈልቀዋለህ።

ብዙ ሰው ካርቶን ሲመርጥ “ስንት ኪሎ ይይዛል?” ብሎ ነው የሚጠይቀው። እሱ የታቹ ጉዳይ ነው፤ ስታነሳው ይዘረገፋል ወይስ አይዘረገፍም። ያንተ ካርቶን ታቹ አልተዘረገፈም። የተሸነፈው ግድግዳው ነው። ስለዚህ አንተ መጠየቅ ያለብህ ላዩ ላይ ምን ያህል እንደሚጫን፣ ለስንት ጊዜ እንደሚቆይና ቦታው ምን ያህል እርጥብ እንደሆነ ነው።

አንዱን ካርቶን በቢላ ቁረጥና ጠርዙን እየው። ሁለት ልሙጥ ወረቀት፣ መሀላቸው ደግሞ እንደ ቆርቆሮ የተሸነሸነ አንድ ወረቀት ታገኛለህ። 3 ፕላይ ይሄ ነው። ባለ 5 ሲሆን ሦስት ልሙጥና ሁለት ሽንሽን ይሆናል። የጣሪያ ቆርቆሮ ተሸክመህ የምታውቅ ከሆነ ነገሩ ይገባሃል፤ በአንድ በኩል እንደ ሰሌን ይጠቀለላል፣ በሌላው በኩል ግን አይበገርም። ካርቶንም እንደዚያው ነው። ሽንሽኑ ከታች ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም ነው ሸክም የሚችለው። ቦታ ለመቆጠብ ተብሎ ካርቶኑ በጎኑ ከተጋደመ ሽንሽኑም ይጋደማል፣ ጉልበቱም ያልቃል።

ሸክሙን ግድግዳው እኩል አይካፈለውም። ከግማሽ በላዩን የሚሸከሙት አራቱ ማዕዘኖች ናቸው። ብሎን ደግሞ ክፉ እቃ ነው፤ እንደ እህል እየፈሰሰ ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋል። ግድግዳው አንዴ ሆዱ ከተነፋ ማዕዘኑ ቀጥ ብሎ መቆም አይችልም። ብሎኑን በየ5 ኪሎው በትንንሽ ካርቶን ወይም በጠንካራ ከረጢት ከፋፍለህ ብታስገባው ግፊቱ ይቀንሳል። ኩሽኔታ በራሱ ፓኮ ታሽጎ እስከ አፉ ጥብቅ ብሎ ከገባ ግን ሸክሙን ራሱም ያግዛል።

እስቲ ባንተው ቁጥር እናስላ። 6 ከደረብክ የታችኛው ላይ 5 ካርቶን አለ፤ 125 ኪሎ። የካርቶንህን ልክ አልነገርከኝም፣ ስለዚህ 40 በ30 ሴንቲሜትር ነው ብዬ ልነሳ። እ.ኤ.አ. በ1963 ማኪ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው ቀመር አለ፣ የካርቶን ፋብሪካዎች እስከ ዛሬ ይሠሩበታል። የካርቶኑ ጠርዝ ሲጫኑት የሚችለውን፣ ውፍረቱንና የዙሪያውን ልክ ይዞ ካርቶኑ በስንት ኪሎ እንደሚጨፈለቅ ይነግርሃል። በዚህ ልክ የተለመደው ዓይነት ባለ 3 ፕላይ ወደ 250 ኪሎ ይደርሳል፣ ደህና ባለ 5 ፕላይ ደግሞ ወደ 500።

250 ከ125 ይበልጣል፣ ታዲያ ለምን ወደቀ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። 250 የሚባለው ካርቶኑ አዲስ ሆኖ፣ ደረቅ ክፍል ውስጥ፣ ማሽን ላይ ለጥቂት ጊዜ ሲጫን ያለው ጉልበት ነው። ወረቀት ሸክም ይዞ ሲቆይ ይደክማል፤ ሦስት ወር ከተጫነ ከጉልበቱ የሚቀረው 55 በመቶ ያህል ነው። የአየሩ እርጥበት 80 በመቶ ሲደርስ ደግሞ ከዚያ ላይ የሚተርፈው 68 በመቶ ገደማ ነው። አደራደሩ ትንሽ ስለሚዛባ፣ ከሥር የሚነጠፈው የእንጨት ርብራብ (ፓሌት) ክፍተት ስላለው ሌላ 20 በመቶ ቀንስ። 250 የነበረው 75 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። አንተ የጫንክበት 125 ነው። ባለፈው ነሐሴ የሆነው ይሄው ነው። ባለ 5 ፕላዩ በዚሁ ሂሳብ 150 ኪሎ ይቀረዋል፣ 6 ደርበህ ክረምቱን ሊያልፍ ይችላል፤ ግን ብዙ ትርፍ የለውም።

ስለዚህ ሁለት መንገድ አለህ። ወይ ባለ 5 ግዛ፣ ወይ ባለ 3ቱን ይዘህ ድርቡን ወደ 3 አውርደው። 4 ብታደርገው ልክ ጠርዙ ላይ ነህ፣ አልመክርህም። እኔ ብሆን እቃው ለወራት እዚያው የሚቀመጥ ከሆነ የብረት መደርደሪያ አሠራ ነበር፤ መደርደሪያ አንዴ ነው የሚገዛው፣ ካርቶን ግን ሁልጊዜ ነው። በአይሱዙ ተጭኖ ክፍለ ሀገር ለሚሄደው ግን አትሰስት፣ ባለ 5 ይሁን። መንገዱ ራሱ ሸክም ነው፤ መኪናው በነጠረ ቁጥር የላይኞቹ ካርቶኖች የታችኛውን ይደበድቡታል።

አሁን የራሴን ልንገርህ። ወጣት እያለሁ አንድ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ስቶር ኪፐር ነበርኩ። የፍሬን ሸራ ካርቶን እንደ ግንበኛ እያቆላለፍኩ ነበር የምደረድረው፤ አንዱ በሁለቱ መገጣጠሚያ ላይ፣ ልክ እንደ ብሎኬት። መደዳው ሲነኩት አይነቃነቅም፣ ዓይንም ይሞላል። እኔም ኮርቼበት ነበር። ሐምሌ አጋማሽ ላይ አንድ ጠዋት የታችኛውን ረድፍ ሳየው ከእያንዳንዱ ማዕዘን ወደ መሀል የሚወርድ ሰያፍ ስብራት ነበረው፤ በጣቴ ስነካው ወረቀቱ እንደ እርጥብ ቆዳ ለስልሷል። ከሰዓት በኋላ ወደቀና አንድ የሥራ ባልደረባዬን እግሩ ላይ መታው። ያ ቀን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በኋላ ነው የገባኝ፣ ስታቆላልፈው የላይኛው ማዕዘን የሚያርፈው የታችኛው ግድግዳ መሀል ላይ ነው፣ ማለትም በጣም ደካማው ቦታ ላይ። እንደዚያ ሲደረደር ግማሽ ያህሉን ጉልበት ታጣለህ። ማዕዘን በማዕዘን ላይ ቀጥ አድርገህ ደርድር። እንዳይንሸራተት የሚያሰጋህ ከሆነ ላዩን ረድፍ ብቻ አቆላልፍ ወይም ዙሪያውን በስትሬች (በሚለጠጥ ስስ ፕላስቲክ) ጠቅልለው።

ካርቶኑ ከፓሌቱ ጠርዝ ትንሽም ቢሆን ወጥቶ እንዳይንጠለጠል። የተንጠለጠለ ማዕዘን ሸክም አይችልም። ከሲሚንቶ ወለል ጋርም አይነካካ፣ ወለሉ እርጥበት ይሰጠዋል። ከመጋዘኑ ግድግዳም አንድ ክንድ ያህል አርቀው።

አንድ ነገር ቀረኝ። “ፕላይ” የሚቆጥረው የወረቀቱን ብዛት ነው፣ ጥንካሬውን አይደለም። ከደካማ ወረቀት የተሠራ ባለ 5፣ ከጥሩ ወረቀት ከተሠራ ባለ 3 ያን ያህል ላይሻል ይችላል። ስለዚህ አምራቹን የወረቀቱን ግራምና የጠርዝ ጥንካሬውን ቁጥር ጠይቀው። ቁጥር ከሌለው ቢያንስ ይህን አድርግ፦ ከካርቶኑ 10 በ10 ሴንቲሜትር ቆርጠህ በወርቅ ሚዛን መዝነው። የወጣውን በ100 አባዛው፣ የአንድ ካሬ ሜትር ክብደቱ ነው። 5 ግራም ከሆነ 500 ግራም ማለት ነው። ጥሩ ካርቶን ያመጣልህን ቀን ቁጥሩን ጻፈው፣ በቀጣይ ሲያመጣ ደግመህ መዝን። ከቀነሰ ወረቀቱን ቀይሮብሃል። ብቻ ሁለቱንም ደረቅ ቀን ላይ መዝን፣ እርጥበት ያከብደዋል።

ጥያቄ፦ ሰላም! የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ የእንጨት ሥራ ማሽን ሞተርና መለዋወጫ በመርከብ ልልክ ነው። የገዛሁት ካርቶን ታቹ ላይ ክብ ማህተም አለው፤ 32 የሚል ቁጥር፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ 65 ፓውንድ ይላል። ሞተሩ 60 ፓውንድ ነው። ይበቃዋል ማለት ነው? (አንባቢ፣ ከሜሪላንድ)

መልስ፦ እህቴ፣ ማህተሙን ማየትሽ ራሱ ጥሩ ነው፣ ብዙ ሰው ገልብጦ አያየውም። 32 ማለት የካርቶኑ ጠርዝ በአንድ ኢንች 32 ፓውንድ ሲጫነው ይጨፈለቃል ማለት ነው። 65 ፓውንድ ደግሞ ካርቶኑ ከነእቃው ሊኖረው የሚገባው ከፍተኛ ክብደት ነው፣ 29 ኪሎ ተኩል ገደማ። በወረቀት ላይ ሞተርሽ አለፈ ማለት ነው። እኔ ግን በዚህ ካርቶን አትላኪው እላለሁ።

ያ ቁጥር የወጣው አሜሪካ ውስጥ ለሚጓጓዝ እቃ ነው፣ ክብደቱም ታቹ ላይ ተዘርግቶ ሲቀመጥ ነው። ሞተር በአራት እግሩ ነው የሚያርፈው፤ መኪና አንዴ ሲያንገጫግጨው ታቹን በስቶ ይወጣል። መንገዱም ረጅም ነው። ኮንቴይነሩ ቀን በፀሐይ ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ውስጡ ያለው እርጥበት ጣሪያው ላይ ጤዛ ሆኖ እቃው ላይ ይንጠባጠባል። ጅቡቲ ሙቀትና የባሕር እርጥበት ነው። ከዚያ ከባሕር ጠለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ወዳለችው አዲስ አበባ ይወጣል። ካርቶኑ ይህን ሁሉ ማለፍ አለበት።

ባለ ሁለት ሽንሽን (ባለ 5 ፕላይ)፣ ማህተሙ 48 ወይም ከዚያ በላይ የሚል ግዢ። ሞተሩን በአራቱም እግሩ ከወፍራም ፕላይዉድ ጋር በብሎን እሰሪው፣ ከዚያ ከነፕላይዉዱ ካርቶን ውስጥ አስገቢው። ፕላይዉድ ያልኩት በምክንያት ነው። ጥሬ እንጨት ድንበር ሲያልፍ ተባይ እንዳይዝ በሙቀት መታከሙን የሚያሳይ ማህተም ይጠየቃል፤ ፕላይዉድና ካርቶን ግን በፋብሪካ ስለተሠሩ ከዚህ ዓለም አቀፍ ደንብ ነጻ ናቸው። ዘንጉን ግሪስ ቀቢው፣ ሞተሩን በወፍራም ላስቲክ ጠቅልይው፣ እርጥበት የሚመጥጡትን ትንንሽ ከረጢቶች አብረሽ ክተቺ። ክፍተቱን በጋዜጣ አትሙይው፣ ለከባድ እቃ ጋዜጣ ወዲያው ይሟሽሻል። ካርቶን ቆራርጠሽ አጥብቀሽ ሙይው፣ ስትነቀንቂው ምንም ድምፅ እንዳይሰማ። ፕላስተሩ 5 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ይሁን፤ የመሀሉን መስመር ብቻ ሳይሆን ሁለቱንም የጎን ጠርዞች ያዢበት፣ ታቹንም ላዩንም። መለዋወጫዎቹን ከሞተሩ ጋር አንድ ላይ አትክተቺ፣ ለብቻ ይሁኑ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መካኒክ ነኝ። አዳማ ላይ ትንሽ የመለዋወጫ ሱቅ ከፍቻለሁ። ካርቶን የማመጣው ከመርካቶ ምን አለሽ ተራ ነው፣ ያገለገለ። ያዋጣኛል? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ጋሼ፣ መደርደሪያ ላይ ለሚቀመጥና ለቀላል እቃ ያዋጣዎታል። ለመደራረብና ለሩቅ መንገድ ግን አይመኑት። ሲገዙ ማዕዘኖቹን በእጅዎ ይዳብሱ፤ አንዴ የታጠፈ ወይም የለሰለሰ ማዕዘን ወደ ድሮው አይመለስም። ውሃ የነካው ደግሞ ቢደርቅም መልኩ ይለያል፣ ልሙጡ ወረቀት ከሽንሽኑ ተላቆ ይነፋል።

በተለይ የዘይት ካርቶን እንዳያታልልዎት። ዘይት ቤት ውስጥ ብዙ ደርበው ያዩታል፣ ጠንካራ ይመስላል። እዚያ ግን ሸክሙን የያዙት ውስጡ ያሉት ጀሪካኖች ናቸው፣ ካርቶኑ በአብዛኛው ሰብሳቢ ብቻ ነው። የቴሌቪዥን ካርቶንም ፎሙ ነው የሚያግዘው። ባዶውን ገዝተው ኩሽኔታ ቢሞሉበት ሌላ ነገር ነው የሚሆነው።

እቃ ለደንበኛ በሰው እጅ ሲልኩ ደግሞ የድሮውን ጽሑፍና ባርኮድ ይላጡት ወይም በማርከር ይሰርዙት። ላዩ ላይ ብስኩት የሚል ካርቶን ውስጥ 20 ኪሎ ብረት ካለ፣ የሚያነሳው ልጅ ብስኩት ነው ብሎ ነው የሚያነሳው። ክብደቱን በትልቁ ይጻፉበት።