ስድስት አሰልጣኝ የተቀመጠበት ወንበር

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ሁለት ወጣቶች ከፊቴ ተቀምጠው ይከራከሩ ነበር። አንደኛው የማንቼ፣ የማንችስተር ዩናይትድ ማሊያ ለብሷል። «አሰልጣኙ ነው የገደለን» ይላል። ጓደኛው ደግሞ «ተጫዋቾቹ ካልሮጡ እሱ ምን ያድርግ? ገብቶ ይጫወትላቸው?» ይለዋል። እኔ ስወርድም ክርክሩ አልበረደም።

ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሜዳ ዳር ቆሜያለሁ። ታዳጊዎችንም አዋቂዎችንም አሰልጥኛለሁ። ሁለት ጊዜ ተባርሬያለሁ። ቡድን ሲወድቅ ጥፋቱ የአሰልጣኙ ነው ወይስ የተጫዋቾቹ የሚለው ጥያቄ ብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኛል። ታክሲ ውስጥ ዝም ያልኩትን እዚህ ልጻፍላችሁ።

የማንቼን ነገር ረጋ ብለን እንየው። እ.ኤ.አ. በ2013 አሰልጣኙ ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ሲሰናበቱ ቡድኑ የእንግሊዝ ሊግ ሻምፒዮን ነበር። 89 ነጥብ ሰብስቦ ማንችስተር ሲቲን በ11 ነጥብ አስከትሎ ነው የጨረሰው። በእሳቸው እግር ዴቪድ ሞይስ መጣ። የስድስት ዓመት ኮንትራት ፈረመ። አንዱን ዓመት እንኳ ሳይጨርስ በሚያዝያ 2014 ተባረረ። ቡድኑም በ64 ነጥብ 7ኛ ሆነ። ተጫዋቾቹ በአብዛኛው ያው ሻምፒዮኖቹ ነበሩ። ስለዚህ ሁላችንም ሞይስ ላይ ፈረድን። እኔም ፈርጃለሁ።

ግን ያው ሞይስ ኋላ ዌስትሃምን ይዞ በ2023 የአውሮፓ ኮንፈረንስ ሊግን አሸነፈ። ዌስትሃም ትልቅ ዋንጫ ካነሳ 43 ዓመት አልፎት ነበር። እንግዲህ ሰውየው ሥራ አይችልም ማለት አይቻልም።

ወደ ተጫዋቾቹ እንምጣ። ስኮት ማክቶሚኔይ ከልጅነቱ ጀምሮ በዩናይትድ ያደገ ልጅ ነው። በ2024 ክረምት ለናፖሊ ተሸጠ። በመጀመሪያው ዓመቱ የጣሊያንን ሊግ አነሳ፣ የሴሪኣው ምርጥ ተጫዋችም ተባለ። በዚያው የውድድር ዓመት የድሮ ክለቡ በ42 ነጥብ 15ኛ ሆኖ ጨረሰ። ከእሱ በፊት ዲ ማሪያ ነበር። በ2014 በብሪታኒያ የዝውውር ሪከርድ መጥቶ ዓመት ቆይቶ ሄደ። በ2022 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ለአርጀንቲና ጎል ሲያስቆጥር አብረን አይተነዋል። ሉካኩም ወጥቶ ከኢንተር ጋር ሻምፒዮን ሆነ።

አሰልጣኙ ሲወጣ ይሠራል። ተጫዋቹ ሲወጣ ያበራል። እዚያ ቤት ውስጥ ሲሆኑ ግን ሁለቱም ይጠወልጋሉ። እኔን ያስቆመኝ ይሄ ነው። ሞይስ፣ ቫን ሃል፣ ሞሪንሆ፣ ሶልሻየር፣ ቴን ሃግ፣ አሞሪም። ከፈርጉሰን በኋላ እስከ አሞሪም ድረስ ስድስት ቋሚ አሰልጣኝ በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ስድስት ሰው የተሰበረበትን ወንበር ገልብጦ እግሩን ማየት ነው እንጂ ሰባተኛ ሰው መፈለግ ምን ይጠቅማል?

በ2013 ክረምት የወጡት ፈርጉሰን ብቻ አልነበሩም። የክለቡ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዴቪድ ጊልም በዚያው ሰሞን ከኃላፊነቱ ለቀቀ። ማንን እንግዛ፣ ማንን እንሽጥ፣ ዋጋው ስንት ይሁን የሚለውን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች በአንድ በር ወጡ። ክለቡ ደግሞ የእግር ኳስ ዳይሬክተር የሚባል ሰው የሾመው በ2021 ነው። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ አሰልጣኝ የራሱን ሐሳብ ይዞ ይመጣል፣ ለሐሳቡ የሚሆን ሰው ይገዛለታል፣ ከዚያ ይባረራል። የተገዛው ተጫዋች ግን ይቀራል። ቀጣዩ አሰልጣኝ ሲመጣ መልበሻ ክፍሉ ውስጥ የሚያገኘው የሌላ ሰው ዕቃ ነው።

የ2024ን ክረምት አስታውሱ። ቴን ሃግ በሊጉ 8ኛ ሆኖ ጨረሰ፣ ግን ሲቲን አሸንፎ ኤፍኤ ካፕን አነሳ። ክለቡ ኮንትራቱን አራዘመለት። ዴ ሊክትንና ማዝራዊን ገዛለት፤ ሁለቱም በአያክስ አብረውት የሠሩ ናቸው። በጥቅምት መጨረሻ አባረረው። ከዚያ ከኋላ በሦስት ተከላካይ የሚጫወተውን አሞሪምን አመጣ። ቡድኑ የተገዛው ለአራት ተከላካይ አሰላለፍ ነበር። ቤቱ ጣሪያ ላይ ከደረሰ በኋላ ፕላን የሚቀይር ባለቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ግንበኛውን ይሰድባል እንጂ ፕላኑን ማን እንደቀየረው አይናገርም።

ከዚያም በላይ ገንዘቡ አለ። የግሌዘር ቤተሰብ ክለቡን በ2005 በ790 ሚሊዮን ፓውንድ ሲገዛ ብዙው ብድር ነበር፤ ብድሩም በክለቡ ጫንቃ ላይ ተጣለ። በግንቦት 2024 በአርሴናል 1 ለ 0 ከተሸነፉ በኋላ ዝናቡ ከክለቡ ስታዲየም ከኦልድ ትራፎርድ ጣሪያ ላይ እንደ ፏፏቴ ሲወርድ በቴሌቪዥን አየሁት። ተጫዋቾቹም አሰልጣኙም ያን ጣሪያ አልሠሩትም፣ አላፈረሱትምም።

ይህን ስል ተጫዋች ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። በነሐሴ 2022 ብሬንትፎርድ ዩናይትድን 4 ለ 0 አሸነፈ። አራቱም ጎል በመጀመሪያው 35 ደቂቃ ነው የገባው። በዚያ ጨዋታ የብሬንትፎርድ ልጆች 13.8 ኪሎ ሜትር በልጠው ሮጠዋል። ቴን ሃግ በማግስቱ ተጫዋቾቹን ጠርቶ 13.8 ኪሎ ሜትር አስሮጣቸው። እሱም አብሯቸው ሮጠ። በቀጣዩ ጨዋታ ሊቨርፑልን 2 ለ 1 አሸነፉ። እንግዲህ መሮጥ የተጫዋቹ ዕዳ ነው፣ ሰበብ የለውም። ደግሞም አያችሁ፣ እሱ በሳምንት ይስተካከላል። ሌላው ግን ስንት ዓመት ሙሉ አልተስተካከለም።

ኳስ ስትመለከቱ አንድ ነገር ሞክሩ። ኳሱ ሲነጠቅ ኳሱን ተዉትና የተነጠቀውን ሰው እዩት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት እርምጃዎች ቁጠሩ። ወደ ኋላ ይሮጣል ወይስ እጁን ዘርግቶ ዳኛውን ያያል? ቡድኑ አሰልጣኙን መስማት ያቆመበትን ቀን ከውጤቱ በፊት እዚያ ላይ ታገኙታላችሁ። እኔ ብዙ ጊዜ አግኝቼዋለሁ፤ የራሴ ቡድን ላይም ጭምር።

ስለ ሌስተር የሚያነሳብኝ አይጠፋም። የሌስተሩ አሰልጣኝ ክላውዲዮ ራኒየሪ በ2016 ማንም ያላሰበውን የሊጉን ዋንጫ አነሱ፣ በየካቲት 2017 ተባረሩ። ከተባረሩ በኋላ በመጀመሪያው ጨዋታ ያው ቡድን ሊቨርፑልን 3 ለ 1 አሸነፈ። ያን ምሽት በጣም ተናድጄ ነበር። ተጫዋቾቹ ሸጡት ብዬ ለቤተሰቤ ሁሉ ተናገርኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን ካንቴ በክረምቱ ለቼልሲ ተሸጦ ነበር። የሁለት ሰው ሥራ የሚሠራ አማካይ ከመሀል ወጥቶ ነው ሽማግሌው ያንኑ እግር ኳስ ተጫወቱ የተባሉት። ካንቴ ግን በዚያው ዓመት ከቼልሲ ጋር ሊጉን ደገመ። ተጫዋቾቹ ጥፋት የላቸውም አልልም። የእኔ ፍርድ ግን ችኩል ነበር።

ትዕግሥት ብቻውን መድኃኒት ነው የሚሉም አሉ። ፈርጉሰን በ1989/90 በሊጉ 13ኛ ሆነው ጨርሰው ነበር፤ ሊጉን ያነሱት በ1993 ነው። ይህ እውነት ነው። ግን በእነዚያ ዓመታት ዝም ብለው አልተጠበቁም፤ የታዳጊ ቡድኑን ከሥሩ ሲያደራጁ ነበር፣ ቦርዱም ምን እየጠበቀ እንደሆነ ያውቅ ነበር። አርሴናልም አሰልጣኙን አርቴታን በሁለት 8ኛ ደረጃ ውስጥ ታግሶታል። ከዚያም በላይ ከቡድኑ አምበል ከኦባሜያንግ ጋር ሲጋጭ ክለቡ ከአሰልጣኙ ጎን ቆመ። ኦባሜያንግ በ2022 ሄደ። በቀጣዩ ዓመት አርሴናል 2ኛ ሆነ። ልዩነቱ እዚያ ነው። ማን እንደሚወስን ሁሉም ያውቅ ነበር።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። የክለቡን ስም አልጠራም። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ቡድን ይዤ ነበር። የግራ ተመላላሽ እንዲገዛልኝ ለመንኩ። አጥቂ መጣልኝ። ማን እንደመረጠው ስጠይቅ «ከላይ ነው» ተባልኩ። ደመወዝ ሦስት ወር ቆመ። አንድ ልጅ ሶሉ የተላቀቀ ታኬታውን በሲባጎ አስሮ ልምምድ ይመጣ ነበር፤ ከሁሉም በላይ የሚሮጠው እሱ ነው። ያ የመጣልኝ አጥቂ ደግሞ ኳስ ሲነጠቅ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይቆማል። ላወጣው ይገባ ነበር። አላወጣሁትም። «ከላይ» ያሉትን ፈራሁ። ባለሲባጎው ልጅ አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ መጥቶ «ጋሼ፣ እሱ ካልሮጠ እኔ ለምን እሮጣለሁ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ቀን በኋላ እሱም መቆም ጀመረ። ቡድኔ የወደቀው በዚያ ሳምንት ነው። የተባረርኩት ከሁለት ወር በኋላ ነው።

ጥፋቱ የማን ነው? ልጁ ቆሟል። እኔ ፈርቻለሁ። ግን ያ አጥቂ ሲገዛ እኔም ልጁም እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበርንም።

አሰልጣኝ መሆን የምትፈልጉ ልጆች ካላችሁ፣ ሥራ ሲሰጣችሁ ስለ ደመወዝ ከመጠየቃችሁ በፊት ተጫዋች የሚመርጠው ማነው ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ የአንድ ሰው ስም ካልሆነ ተጠንቀቁ። ከእናንተ በፊት የነበረውን አሰልጣኝም ፈልጋችሁ አነጋግሩት። የሚያፍር ሰው ስለሆነ ቶሎ አይነግራችሁም፤ ደጋግማችሁ ጠይቁት።

በእኔ እግር የተተካው አሰልጣኝ እንዲህ አድርጎ ነበር። ደውሎልኝ ፒያሳ አንድ ካፌ ተገናኘን። ወጣት ነው፣ ኮርሱን ገና መጨረሱ ነው፣ ዓይኑ ያበራል። ማኪያቶ አዘዘልኝ። «ጋሼ፣ ምን ልጠንቀቅ?» አለኝ። እኔ ቁስሌ አልደረቀም ነበር። ልቤ ውስጥ እሱም ይየው የሚል ክፉ ነገር ነበር። «በርታ፣ ጥሩ ልጆች ናቸው» አልኩትና ሂሳቡን ከፍዬ ተነሣሁ። ሰባት ወር ነው የቆየው።

በሩ ላይ ደርሼ ዞር ስል አሁንም እዚያው ተቀምጦ ነበር። ደብተሩ ተከፍቷል፣ እስክሪብቶው በእጁ ነው፣ ገጹ ላይ ምንም አልተጻፈበትም።