ናኖ ሽቦ፦ መቅጠን ይሻላል ወይስ ማጠር? ስለ ቴራኸርዝ ሴንሰር ጥያቄና መልስ

ስለ ቴራኸርዝ (በማይክሮዌቭና በኢንፍራሬድ መካከል ስላለው ጨረር) እና ስለ ናኖ ሽቦ (ውፍረቱ በናኖሜትር፣ ማለትም በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ስለሚለካ ሽቦ) የገባችሁም ያልገባችሁም ጠይቁኝ ብዬ ነበር። እዚህ ከደብረ ማርቆስ፣ ከባሕር ዳርም ከፍኖተ ሰላምም ብዙ ደረሰኝ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

መምህር፣ ቴራኸርዝን መለየት ለምን ከበደ?

ጉልበቱ ትንሽ ስለሆነ ነው። የ1 ቴራኸርዝ ፎቶን (የጨረሩ አንዲት ቅንጣት) 4 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ጉልበት ነው የሚይዘው። የክፍላችን ሙቀት ጉልበት ራሱ ወደ 25 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ይጠጋል። ስለዚህ አንዱ መላ ጨረሩ ሽቦን ሲያሞቅ የሚመጣውን የሬዚስታንስ (ሽቦው የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታበት መጠን) ለውጥ መለካት ነው። ቦሎሜትር ይባላል፤ ሳሙኤል ላንግሌይ እ.ኤ.አ. በ1878 የፈለሰፈው ነው።

ሽቦው ሲቀጥን ምን ይገኛል?

ሙቀቱ በቀላሉ አያመልጥም። በሁለት ጫፉ ብቻ የተያዘ ክብ ሽቦ አስቡ። ውፍረቱን በግማሽ ስትቀንሱት ሙቀት የሚያልፍበት ስፋት ወደ ሩብ ይወርዳል። ያው ጨረር አሁን አራት እጥፍ ያሞቀዋል።

ቶሎም ምላሽ ይሰጣል ማለት ነው? ስኒ ውስጥ ያለ ቡና ከጀበናው ቀድሞ ይቀዘቅዝ የለ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሽቦው ሲቀጥን የሚይዘው ሙቀት ይቀንሳል፤ ሙቀቱ የሚወጣበት መንገድም በዚያው ልክ ይጠባል። ሁለቱ ይሰራረዛሉ። ፍጥነቱን የሚወስነው ርዝመቱ ነው፤ ያውም በካሬ። ርዝመቱን ወደ አንድ አስረኛ ካወረድሽው 100 እጥፍ ይፈጥናል።

ታዲያ ለምን እስከ 5 ናኖሜትር አናቀጥነውም?

በወርቅ ውስጥ ኤሌክትሮን ሳይጋጭ የሚሄደው 40 ናኖሜትር ገደማ ነው። ሽቦው ከዚያ ሲቀጥን ኤሌክትሮኑ ከግድግዳው ጋር ይላተማል። በገበያ ቀን ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ እንደመግባት ነው። ሬዚስታንሱ ይጨምራል። ያ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የግድግዳው ግጭት ግን ሙቀት ቢጨምርም ባይጨምርም ያው ነው። የንጹሕ ሜታል ሬዚስታንስ በየዲግሪው 0.4 በመቶ ገደማ ይለዋወጣል፤ በጣም የቀጠነው ከዚያ ያነሰ ነው። የምንለካው ደግሞ ይህንኑ ለውጥ ነው! ለእኔ ከሁሉ የሚያሳስበው ይህ ነው።

ሞገዱ 300 ማይክሮሜትር፣ ሽቦው ናኖ። እንዴት ይይዘዋል?

ብቻውን አይችልም። አንቴና ይሰበስብለታል። ሽቦው ከአንቴናው ጋር በሬዚስታንስ መጣጣም አለበት፤ አለዚያ ጨረሩ ተመልሶ ይሄዳል። 10 ማይክሮሜትር ርዝመት፣ 100 ናኖሜትር ወርድና 50 ናኖሜትር ውፍረት ያለው የወርቅ ሽቦ በተራ ስሌት 44 ኦም ይሆናል። በተግባር በግድግዳው ግጭት የተነሳ ከዚህ ይበልጣል። መጠኑን ከመምረጣችሁ በፊት ይህን አስሉ።

እንደ ኤክስሬይ ይጎዳል?

አይ፣ እንደ ኤክስሬይ ከአቶም ኤሌክትሮን የማስወጣት ጉልበት የለውም።

ለጤፍ ገበሬ ምን ይጠቅማል?

ውኃ ቴራኸርዝን አጥብቆ ይውጣል። ስለዚህ ቅጠሉን ሳይቆርጡ ምን ያህል ውኃ እንደያዘ ማየት ይቻላል።

ቤተ ሙከራ ለሌለን ተማሪዎችስ?

አሮጌ የ12 ቮልት የመኪና አምፖል ፈልጉ። ሳይበራ ሬዚስታንሱን በመልቲሜትር ለኩ። ከዚያ አብሩትና ቮልቱን ለአምፒሩ አካፍሉ። 10 እጥፍ ገደማ ያድጋል። ያገኛችሁትን ቁጥር ላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን።