ፍላሹ ቡት ካላደረገ ባዮሱን ወደ ሌጋሲ አትቀይር

ወንድሜ፣ «ዊንዶውስ 11ን ሩፈስ በሚባለው የመጫኛ ፍላሽ መሥሪያ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ሠርቼ ነበር፤ ላፕቶፑ ግን ከፍላሹ አይነሳም፣ ቡት ሜኑ (ላፕቶፑ ከምን እንደሚነሳ የሚመረጥበት ዝርዝር) ላይም አይታይም። ሌጋሲ አድርገው ብለውኛል፣ ልቀይረው ወይ?» ብለህ ለጠየቅከው፦ አትቀይረው። ባዮስ ላፕቶፑ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው ፕሮግራም ነው፤ ሌጋሲ የድሮው የአነሳስ ዘዴ ነው፣ ዩኢኤፍአይ ደግሞ አዲሱ። ይህን አንብበህ ሳትጨርስ ምንም አትንካ። እኔ የአምስት ዓመት ፋይሌን ያጣሁት በዚሁ ምክር ነው።

1. መጀመሪያ ሩፈስን ክፈትና «ፓርቲሽን ስኪም» (የዲስክ አከፋፈል ዘዴ) የሚለውን እይ። ኤምቢአር (የድሮው ዘዴ) ላይ ከሆነ ችግርህ እሱ ሳይሆን አይቀርም፤ የኔም እሱ ነበር። ጂፒቲ (አዲሱ ዘዴ) አድርገውና ፍላሹን እንደገና ሥራው። አሁን ያሉት ላፕቶፖች አብዛኞቹ የሚነሱት በዩኢኤፍአይ ነው፤ ለድሮው ባዮስ የተሠራ ፍላሽ ስትሰካባቸው ብዙ ጊዜ ከነመኖሩም አያዩትም። እኔ ይህን ሳላውቅ ፍላሹ ተበላሽቷል ብዬ ሦስት ፍላሽ ቀያይሬአለሁ።

2. ፋይሎቹን ከአይኤስኦው (ዊንዶውሱ ተጠቅልሎ ከሚወርድበት ፋይል) አውጥተህ ዝም ብለህ ኮፒ አድርገህ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ዩኢኤፍአይ ሁልጊዜ የሚያነበው ፋት32 የሚባለውን የፍላሽ ፎርማት ነው፤ ፋት32 ደግሞ 4 ጊጋባይት የሞላ አንድ ፋይል አይቀበልም። «ኢንስቶል ዶት ዊም» የሚባለው የዊንዶውሱ ዋና ፋይል ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። ፍላሹን ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው ሌላ ፎርማት ብታደርገው ፋይሉ ይገባል፣ ብዙ ማሽን ግን ቡት አያደርገውም። ሩፈስ ለዚህ ሲል ፍላሹ ላይ አንዲት ትንሽ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ይጨምራል። እሷን ባየሃት ጊዜ ምንድን ናት ብለህ እንዳታጠፋት።

3. ሌጋሲ። የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። ሦስተኛው ፍላሽም እምቢ ሲለኝ ላፕቶፑን ይዤ አንድ የጥገና ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። ምንም ሳይጠይቀኝ ባዮስ ገብቶ ሴኪዩር ቡትን (ያልታመነ ነገር እንዳይነሳ የሚከለክለውን ጥበቃ) ዘጋ፣ ሌጋሲን ከፈተ፤ ፍላሹ ወዲያው ተነሳ። ደስ አለኝ። ከዚያ ግን የኔ ዊንዶውስ 10 «ይህ ዲስክ ጂፒቲ ስለሆነ እዚህ ላይ አልጫንም» አለ። ሰውዬው ሺፍትና ኤፍ10 ተጭኖ ጥቁሩን መስኮት ከፈተ፣ ዲስክፓርት ወደሚባለው የዲስክ መከፋፈያ ገባ፣ «ክሊን» ብሎ ጻፈ። «ዲ ድራይቭ ላይ ያለው ፋይሌስ?» ብዬ ስጠይቅ «የማይገባህን ነገር አትጠይቅ» አለኝ። ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ዝምታዬ ነው።

ክሊን የሚያጠፋው ሲ ድራይቭን ብቻ አይደለም፤ ሲም ዲም ያሉበትን የሙሉ ዲስኩን ፓርቲሽን ነው። የልጄ የመጀመሪያ ዓመት ፎቶዎች፣ የመመረቂያ ጽሑፌ፣ ሁሉም ሄደ። ስጮህበት «ባክአፕ አለማድረግህ የኔ ጥፋት ነው?» አለኝ። ቆይቼ እንደተረዳሁት፣ እዚያው ላይ ቢያቆም ኖሮ በሃርድ ዲስክ ላይ ክሊን የሚሰርዘው ማውጫውን እንጂ ፋይሉን ራሱን ስላልሆነ ብዙው ሊመለስ ይችል ነበር። እሱ ግን ዊንዶውሱን በላዩ ላይ ጫነበት።

ያንተ ደግሞ ዊንዶውስ 11 ስለሆነ ሌጋሲ ጭራሽ አይጠቅምህም፤ ራሱ ዩኢኤፍአይ ነው የሚጠይቀው።

ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ ተማርኩ። የዘመድና የጓደኛ ላፕቶፕ ሁሉ አሁን የምጭነው እኔ ነኝ፤ በእጄ አንድም ፋይል ጠፍቶ አያውቅም። ባዮስ ከመንካቴ በፊት ፋይሉን ሌላ ዲስክ ላይ እገለብጣለሁ፣ ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ጥበቃ) ካለ የመክፈቻ ቁልፉን ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፤ ሴኪዩር ቡትን ስትነካካ 48 አሃዝ ያለውን ያንን ቁልፍ ሊጠይቅህ ይችላል። ወደ ቡት ሜኑ ስትገባም ላፕቶፑን ሻት ዳውን ሳይሆን ሪስታርት አድርገው፤ ፋስት ስታርትአፕ ከበራ ሻት ዳውን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም።

ፍላሹን በጂፒቲ ሥራና ቡት ሜኑ ላይ ዩኢኤፍአይ ከሚል ቃል ጋር ሲመጣ እሱን ምረጥ። አሁንም ካልታየ የላፕቶፑን ሞዴልና የሩፈሱን ፎቶ እዚሁ ላክልኝ፣ አየዋለሁ። ክሊን በል የሚልህ ሰው ካለ ግን ላፕቶፑን ይዘህ ውጣ።